መርከቡ አይጠብቅም፦ ከቨርጂኒያ እስከ ፍሎሪዳ ወደብ፣ እውነት ወይስ ተረት?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባለው ሐበሻ ዘንድ አንድ ጊዜ ክሩዝ የሄደ ሰው ሁሉ የመንገድ አማካሪ ነው። ከቅዳሴ በኋላም ሆነ ቡና ሲፈላ ምክሩ አይቋረጥም፤ «ልጆቹን ጭናችሁ ሌሊቱን ንዱት»፣ «መኪናውን ባቡር ላይ ጫኑት»፣ «የልደት ወረቀት ይበቃል»። ስለ መርከቡ የሚወራው ባብዛኛው ልክ ነው። ወሬው የሚስተው ወደ መርከቡ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው። ቫን ሞልቶ በኢንተርስቴት 95 ወደ ፍሎሪዳ ለሚወርድ ቤተሰብ ደጋግመው የሚነገሩትን አንድ በአንድ እንያቸው። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ «4፡00» የሚለው ከቀኑ 10 ሰዓት መሆኑን ለመጎብኘት ለመጡት አያት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያለዚያ ከረፋዱ ጀምሮ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ።

«መርከቡ የሚነሳው 10 ሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት ከደረስን ይበቃል»

ተረት። ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ መርከብ የተሳፋሪዎቹን ሙሉ ዝርዝር ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ለጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት መላክ አለበት። ኩባንያዎቹ ለራሳቸው ጊዜ ለመተው ምዝገባውን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ የ10 ሰዓቱ መርከብ ለእናንተ 8፡30 ላይ ሄዷል ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ላይ ደግሞ ፓርኪንግ መፈለጊያውን፣ ሻንጣ ማስረከቢያውን፣ የፍተሻውን ሰልፍ ቀንሱ። የሠርግ ጥሪ ላይ 10 ሰዓት ሲል 12 ሰዓት ብንደርስም ሙሽሮቹ ገና አልገቡም፤ ወደብ ላይ ግን ያ ልማድ አይሠራም።

«ብናረፍድ ቀጣዩ ወደብ ላይ እንሳፈራለን»

ይህ ደግሞ ከፊል ተረት ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አሳፍረው ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ እንዳያወርዱ ይከለክላል። ከፍሎሪዳ የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች ደግሞ ባብዛኛው የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ነው። መርከባችሁ ማግሥቱን እዚያው ፍሎሪዳ ኪ ዌስት ቢቆም እንኳ እዚያ ተሳፍራችሁ ማያሚ መውረድ አትችሉም። ባሃማስ ናሳው ላይ፣ ኩባንያው ከፈቀደ፣ መሳፈር ይቻላል፤ ግን ናሳው የሚደረሰው በአውሮፕላን ነው፣ ለአውሮፕላኑ ደግሞ ፓስፖርት ያስፈልጋል።

«የልደት ወረቀት ይበቃል» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ ላይ የአሜሪካ ዜጋ የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዞ መሳፈር ይችላል፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉት ልጆች የልደት ወረቀቱ ብቻ ይበቃቸዋል። እዚህ አገር ያልተወለደው አባት ደግሞ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ግን ጉዞው ሳይሰናከል ከቀረ ነው። አንድ ልጅ መንገድ ላይ ቢታመምና ከሜክሲኮ በአውሮፕላን መመለስ ግድ ቢሆን የልደት ወረቀቱ አያሳፍርም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ያልተቃጠለ ፓስፖርትም ይያዝ፤ መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች ምን እንደሚጠይቁም አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ተራ በተራ ከነዳን በአንድ ጀምበር እንገባለን»

ትልቁ ተረት ይህ ነው። ከዲሲ ማያሚ 1,050 ማይል ገደማ ነው። ጂፒኤሱ 15 ወይም 16 ሰዓት ይላል፤ ጂፒኤሱ ግን ልጅ ሽንት ቤት እንደሚሄድ፣ አያት እግራቸውን ማፍታታት እንደሚያስፈልጋቸው አያውቅም። አምስት ሰው ያለበት መኪና አንድ ጊዜ ከቆመ ሃያ ደቂቃ ሄደ፤ ሰባት ስምንቴ መቆም ደግሞ የማይቀር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መጀመሪያው ነው። ከቤት እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለው ወደ 50 ማይል የሚጠጋ መንገድ በአገሪቱ በመጨናነቅ ከታወቁት አንዱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የወጣ ቤተሰብ ቨርጂኒያን ሳይጨርስ ራት ሰዓት ይደርስበታል። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ ኢ-ዜድ ፓስ ፍሌክስ የሚባለውን መሣሪያ መኪናችሁ ላይ ካደረጋችሁና ሦስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከሄዳችሁ በፈጣኑ መስመር በነፃ ታልፋላችሁ፤ መሣሪያው ላይ ያለውን ማዞሪያ ግን ወደ ብዙ ሰው ምልክት መቀየር አትርሱ። መስመሩ አቅጣጫውን በሰዓት ይቀያይራል፤ በሥራ ቀን ጠዋት የሚያገለግለው ወደ ዲሲ የሚገባውን ነው። በጥር 2022 ደግሞ በረዶ ጥሎ በዚሁ አካባቢ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ አድረዋል፤ ሴናተር ቲም ኬን እንኳ ከሪችመንድ ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። የገና ዕረፍት ላይ ክሩዝ የምትቆርጡ ይህን አስቡት።

«እንግዲያው ሌሊት እንንዳ፣ ልጆቹም ይተኛሉ» የሚለውስ? ልጆቹ መተኛታቸው እውነት ነው። ችግሩ ሹፌሩም መተኛቱ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘ አደጋ የሚበዛው ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜና አመሻሹ ላይ ነው። በካሮላይናዎቹና በጆርጂያ ከከተማ ውጭ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 70 ማይል ነው፤ በዚያ ፍጥነት ዓይን ለአራት ሴኮንድ ቢከደን መኪናው 125 ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ሄዷል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ ሻንጣ አስሮ፣ ማታ 3 ሰዓት መሪ የሚጨብጥ አባት በፔርሙስ የያዘው ቡና ይህን አያስቀርለትም። ሁለት ቀን መድቡ። የመጀመሪያውን ሌሊት ደቡብ ካሮላይና ወይም ጆርጂያ ድንበር አካባቢ እደሩ፤ ሁለተኛውን ወደቡ ያለበት ከተማ። መርከቡ የሚነሳበት ቀን ላይ የሚነዳ ረጅም መንገድ ሊኖር አይገባም፤ በዚህ አልደራደርም።

«ባቡሩ መኪናችንን ጭኖ መርከቡ ጋ ያደርሰናል»

ባቡሩ እውነት ነው፣ መድረሻው ተረት ነው። የአምትራክ አውቶ ትሬን የብዙ ሐበሻ ቤት ካለበት ከአሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ብዙም ከማይርቀው ሎርተን ይነሳል፤ የሚደርሰው ግን ማያሚ ሳይሆን ኦርላንዶ አጠገብ ያለችው ሳንፎርድ ነው። መኪናችሁን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ታስረክባላችሁ፣ 11 ሰዓት ይነሳል፣ 855 ማይሉን ሌሊቱን ተጉዞ በማግሥቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይገባል። ይህ በሰዓቱ ከመጣ ነው፤ አብዛኛው ሐዲድ የጭነት ባቡር ኩባንያ ስለሆነ መዘግየት አለ። ከዚያ መኪና ማውረዱ ይጀምራል። አወራረዱ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል አይደለም፤ ቁጥራችሁ እስኪጠራ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ሌሊት ደግሞ መኪናችሁ ጋ መሄድ ስለማይቻል የልጁን መድኃኒትና ብርድ ልብስ አስቀድማችሁ አውጡ።

እንግዲህ አስሉት፦ 5፡30 ላይ መኪናውን ብትረከቡ ፖርት ካናቬራል ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃል፤ ምንም ካላጋጠማችሁ ትደርሳላችሁ። ማያሚ ግን 250 ማይል ያህል ስለሆነ ስትገቡ በሩ ተዘግቷል። ባቡሩ ለሹፌሩ ወገብ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ከመርከቡ አንድ ቀን ቀድማችሁ እንድትደርሱ አድርጋችሁ ተሳፈሩበት።

«መንዳት ምንጊዜም ከአውሮፕላን ይረክሳል»

እንደ ሰዉ ብዛት ነው። የማያሚ ደርሶ መልሱ 2,100 ማይል ነው። በጋሎን 22 ማይል የሚሄድ ቫን 95 ጋሎን ያህል ይጠጣል፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን 285 ዶላር ነው። ሁለት ሌሊት ሆቴል ሲሄዱ፣ አንድ ሌሊት ሲመለሱ ጨምሩ። ፓርኪንጉን ብዙዎች ይረሱታል፦ ለምሳሌ ፖርት ካናቬራል የገባችሁበትንም የወጣችሁበትንም ቀን ስለሚያስከፍል የሰባት ሌሊት ጉዞ ስምንት ቀን ይሆናል፤ ቀኑ 20 ዶላር ቢታሰብ 160 ዶላር። ለአምስት ለስድስት ሰው መኪናው ያዋጣል። ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ ግን ደግማችሁ አስሉ።

«ጀበናውንም እንይዛለን»

ለመንገዱ አዎ። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማና ዕጣን ግን ወደ መርከቡ አይገቡም፤ ፍተሻ ላይ ይወሰዳሉ። ቤት የተሠራ ምግብም ባብዛኛው አይፈቀድም፤ ድርቆሹን ጆርጂያ ላይ ጨርሱት።

«መርከቡ ከማያሚ ነው»

እርግጠኛ ናችሁ? ፎርት ላውደርዴል የሚገኘው ፖርት ኤቨርግሌድስ ከማያሚ ወደ 30 ማይል ይርቃል፤ «ከኦርላንዶ» ተብሎ የሚሸጠው ጉዞ ደግሞ የሚነሳው ኦርላንዶ ሳይሆን ከከተማው ወደ አንድ ሰዓት ከሚርቀው ፖርት ካናቬራል ነው። ማያሚም ውስጥ ተርሚናሎቹ በፊደል የተለዩ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ሊርቅ ይችላል። ትኬቱ ላይ ያለውን የተርሚናል ፊደል አይታችሁ አድራሻውን ማታውኑ፣ ሆቴል ሳላችሁ፣ ጂፒኤስ ላይ ጫኑት።