የፓርኪንሰን በሽታና የፕሮቲን ምግብ

ስለ ነርቭ ሥርዓት በምናስተምርበት ጊዜ ከተማሪዎች ዘንድ አንድ ጥሩ ጥያቄ ይነሣል። ዶፓሚን የሚሠራው ከፕሮቲን ከሚገኝ አሚኖ አሲድ ከሆነና የፓርኪንሰን በሽተኛ የጎደለው ዶፓሚን ከሆነ፣ ሥጋና እንቁላል አብዝቶ መመገብ በሽታውን አያድነውምን? መልሱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን ለጎረቤቱ የሚያስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል አማካይነት ነው። ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በኤንዛይሞች አማካይነት በመጀመሪያ ወደ ሌቮዶፓ፣ ቀጥሎም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ዶፓሚኑ በሕዋሱ ጫፍ በሚገኙ ጥቃቅን ከረጢቶች ይከማቻል። የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባና ከረጢቶቹ ይዘታቸውን ያፈስሳሉ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በጽሑፍ የገለጸው ይህ በሽታ እጅን ያንቀጠቅጣል፤ እንቅስቃሴንም ያዘገያል። በ1960 ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በቪየና የሟች በሽተኞችን አንጎል መርምረው የዶፓሚኑ መጠን እጅግ አንሶ አገኙት። ምክንያቱ ግን የታይሮሲን እጥረት ሳይሆን ዶፓሚን ሠሪዎቹ ሕዋሳት መሞታቸው ነው። ሸማኔው ከሌለ ፈትል ቢከመር ጋቢ አይሆንም።

ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል ማለፍ ስለማይችል ለበሽተኛው የሚሰጠው ሌቮዶፓ ነው። ይሁን እንጂ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚሻገረው አንዳንድ አሚኖ አሲዶች በሚሻገሩበት መንገድ ነው። በመሆኑም በሽተኛው ሥጋ በልቶ ወዲያው መድኃኒቱን ቢውጥ አሚኖ አሲዶቹ መተላለፊያውን ይሻሙበታል፤ የመድኃኒቱም ኃይል ሊቀንስ ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ በሽተኛውን ፕሮቲን ጨርሶ መከልከል ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ ክብደቱና የጡንቻው ጉልበት ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መውሰድ ነው። ለአንዳንዶች ሐኪም አብዛኛውን ፕሮቲን ወደ ራት እንዲያዛውሩ ያዛል።

በአገራችን በእሸትነቱ የሚበላው ባቄላም ሌቮዶፓ አለው፤ በ1913 ንጥረ ነገሩ ከባቄላ ተለይቶ ወጥቷል። ሆኖም መጠኑ ከባቄላ ባቄላ ስለሚለያይ በመድኃኒት ፈንታ ሊወሰድ አይገባም።

መምህራን ይህን ትምህርት ስንሰጥ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን ለይተው እንዲመልሱ ብናደርግ ይጠቅማል፦ የጎደለው ጥሬ ዕቃው ነው? ሠሪው ሕዋስ ነው? ወይስ መንገዱ ተጨናንቋል? ይህን የለየ ተማሪ በቤቱ በሽተኛ ቢኖር የሚበጀውን ምክር ከሐኪም ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።