የነፋስ ማማና የአያቴ ጥያቄ

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባልና የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ነፋስ እንዴት መብራት እንደሚሆን፣ ማማው እርሻ ላይ ሲተከልስ ገበሬው ምን እንደሚገጥመው ነው።

ነገሩ የተነሳው አውድማ ላይ ነው። በጥር ወር አያቴ ገብሱን ወቅቶ ላይዳውን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ግን እምቢ አለ። እኔም ዝም ብለን ከምንቆም ብዬ፣ ባለፈው ክረምት አክስቴን ልጠይቅ አዳማ ሄጄ ያየሁትን አጫወትኩት። «አባባ፣ እዚያ እንደ አንተ ነፋስ የሚጠብቁ ትልልቅ ማማዎች እርሻ መሐል ቆመዋል» አልኩት። እሱ ግን ስለ መብራቱ አልጠየቀኝም። «ታዲያ መሬቱን ማን ያርሰዋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው መምህራንን መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። የሳይክል ዳይናሞ አይታችኋል? ጎማው ሲዞር ውስጡ ያለው ማግኔት በመዳብ ሽቦ አጠገብ ይዞርና መብራቱ ይበራል። የነፋስ ማማም ያው ነው፤ እግር በመርገጥ ፈንታ ነፋስ ክንፎቹን ያዞራል። አንዱ ክንፍ ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል። የእኛን ክፍል ስንለካው 8 ሜትር ሆነ፤ እንግዲህ አራት ክፍል ደርድሩና አስቡት!

የሚገርመው ሒሳቡ ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 2 × 2 × 2፣ ማለትም 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ማማ የሚተከለው ነፋስ ባለበት ሁሉ ሳይሆን በጣም በሚነፍስበት ነው። ከመጠን በላይ ሲበረታ ደግሞ ማሽኑ እንዳይሰበር ራሱ ክንፉን አዙሮ ይቆማል።

እኔ አጅባር ደጋ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ ነበር። የሳይንስ መምህራችን ግን ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው አሉኝ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በእኩል ፍጥነት ቢነፍስም የሚገፋው በዚያው ልክ ያንሳል። ይህን ስሰማ ትንሽ ከፋኝ። ደግነቱ ነፋስ በአገራችን የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ ነው፤ ያኔ ደግሞ የወንዝ ውኃ ይቀንሳል። ግድቡ ሲደክም ነፋሱ ያግዘዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። አዳማ ቁጥር 1 ላይ 34 ማማዎች አሉ። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። ቁጥር 2 በ2007 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ 102 ማማዎች ነበሩት (ስንት ሜጋ ዋት እንደሆነ እናንተ አባዙት)። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ደግሞ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 84 ማማዎች፣ 120 ሜጋ ዋት።

አዳማ እኔ ሳይ እርሻው እስከ ማማው ግርጌ ድረስ ታርሷል። አንድ ሰውዬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፣ ክንፉ ከላዩ ው እያለ ይዞራል፤ እሱ እቴ! ቀና ብሎም አላየው። ማማዎቹ ተራርቀው ስለሚተከሉ መሐል ያለው መሬት ይታረሳል። የማይታረሰው መሠረቱ ያረፈበት፣ ክሬኑ የሚቆምበትና መንገዱ ነው። ከሰፊው እርሻ አንጻር ትንሽ ነው ይባላል። ግን እኮ የአያቴ መሬት ጠቅላላው ሦስት ጥማድ ነው። መሠረቱም መንገዱም እዚያ ላይ ቢያርፍ ለእሱ ትንሽ አይደለም።

ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀና ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ይህን ለአያቴ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «በ16ኛው ዓመትስ?» አለኝ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማማው ማሳህ ውስጥ ስለቆመ ቤትህ ይበራል ማለት አይደለም። ኤሌክትሪኩ በከፍተኛ መስመር ወደ አገሪቱ ዋና መረብ ይገባል። ወደ መንደር እንዲመጣ ሌላ መስመርና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። አያቴ ቤት እስካሁን የምናጠናው በሶላር ፋኖስ ነው። እና እንደኔ እንደኔ፣ አንድ ቀን ለመለካት የሚመጡ ሰዎች ካሉ፣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ መሬቱስ? መብራቱስ?

በክበባችን ከፕላስቲክ ጠርሙስ ክንፍ፣ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር አውጥተን ትንሽ ማማ ሠርተናል። በእጅ በፍጥነት ስናዞረው ቀይዋ ትንሽ አምፖል ትበራለች። በነፋስ ግን ገና አልበራችም፤ ክንፉ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ይመስለናል። ቤቱ ትልቅና ትንሽ የቴፕ ፑሊ ያለው ተማሪ ካለ ዓርብ ከሰዓት ወደ ክበባችን ክፍል ይዞልን ይምጣ።