ሁሉንም ልጅ የሚቀበል የሕፃናት ማቆያ

የሕፃናት ማቆያ ከጥቂት ወራት እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች፣ ወላጆቻቸው ሥራ ውለው እስኪመለሱ የሚቆዩበት ቤት ነው። እዚህ ፊደል አይቆጠርም፤ ቁጥር አይጠናም። ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይታጠባል፣ ይጫወታል፣ ሲከፋው ይባበላል። የማቆያው ጥራት የሚለካውም እነዚህ የየዕለት ነገሮች እንዴት እንደሚከናወኑ ታይቶ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከወሊድ ፈቃድ ጋር ይያያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት በቀር ሌላ ነገር እንዳይቀምስ ይመክራል። እናት ወደ ሥራ ስትመለስ እንግዲህ ልጁ ገና ጡት ብቻ የሚጠባ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞቻቸው ሕፃናት ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዘዘውም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ማቆያው ሥራ ቦታ ግቢ ውስጥ ከሆነ እናት በየመሀሉ መጥታ ታጠባለች። ራቅ ካለ ግን የታለበ የእናት ጡት ወተት መቀበል፣ የልጁን ስምና የታለበበትን ሰዓት ጽፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። እንዲህ የተቀመጠ ወተት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ሲፈለግም ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይሞቃል እንጂ እሳት ላይ አይጣድም።

ከሁሉ በፊት የሚታየው የሰው ቁጥር ነው። በእንግሊዝ ደንብ ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሦስት ሕፃናት ቢያንስ አንዲት ተንከባካቢ ታስፈልጋለች፤ ለሁለት ዓመት ልጆች አንዷ እስከ አምስት ልትይዝ ትችላለች። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ልጁን ጠዋት የምትቀበለው፣ የምታጎርሰው፣ የምታስተኛው ሞግዚት በተቻለ መጠን ያችው መሆን አለባት። ሕፃን ፍርሃቱ የሚበርድለት በሚያውቀው ሰው እቅፍ ነው፤ በየሰዓቱ እጅ የሚለዋወጥበት ልጅ ቢጠግብም፣ ቢታጠብም አይረጋጋም።

ይህ ትውውቅ በአንድ ጠዋት አይፈጠርም። በጀርመን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተቀርጾ የበርሊን ዘዴ በመባል የታወቀው አሠራር ለዚህ ግልጽ ሥርዓት አበጅቷል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወላጅ ከልጁ ጋር ለአጭር ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አብሮት ወደ ቤት ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ልጁን ተሰናብቶ ይወጣል፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ልጁ አልቅሶ ሞግዚቷ ስታባብለው ዝም ካለ የመለያው ጊዜ ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ ካልተጽናና ወላጁ ወዲያው ይመለሳል፣ ልምምዱም በሳምንታት ይረዝማል። ልጁ ሳያይ ሹልክ ብሎ መሄድ ግን ለወላጁ ቢቀልም ልጁን የሚጎዳ ነው፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከበሩ አያነሳም።

የመልካም አያያዝ ዋናው ፈተና ዳይፐር መቀየሪያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሐኪሟ ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 በቡዳፔስት ሎትሲ መንገድ ባቋቋሙት የሕፃናት ማሳደጊያ ይህን ሥራ የግንኙነቱ እምብርት አድርገውታል። በዚያ አሠራር ተንከባካቢዋ ልጁን ከኋላ መጥታ ብድግ አታደርገውም። ፊት ለፊቱ ጎንበስ ትላለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ትነግረዋለች፣ እጇን ዘርግታም ትጠብቃለች። «አሁን እግርህን ስጠኝ» ብላ ለአፍታ ታቆማለች፤ የጥቂት ወር ሕፃን እንኳ ውሎ አድሮ እግሩን ማንሳት ይጀምራል። የሚጨምረው ጊዜ የደቂቃዎች ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ የተያዘ ልጅ ግን ሰውነቱ የራሱ መሆኑን፣ የሚጠይቀውና የሚሰማው ሰው እንዳለ ይማራል።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ንጹሕ ወለል፣ ልጁ ራሱ የሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ አፍ ውስጥ የማይገባ መጫወቻ፣ በየቀኑ የሚወጣበት ደጅና አፈር ይበቃሉ። ባዶ ጣሳ፣ የእንጨት ማንኪያና የጨርቅ ኳስ ባትሪ ካለው ውድ መጫወቻ ይልቅ ልጅን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያሉ። ቀኑን ሙሉ የተከፈተ ቴሌቪዥን ግን የሰው እጥረት ምልክት ነው።

ምግብና እንቅልፍ ጥብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ነው፤ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አጠገቡ አይኖርም። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ለእነዚህ ልጆች አይሰጡም፤ የአየር ቧንቧ ይዘጋሉ። ገንፎና አጥሚት በልጁ ፍጥነት ይቀርባሉ፤ አፉን የዘጋ ልጅ በግድ አይጎረስም።

ሁሉንም ልጅ መቀበል ማለት አካል ጉዳት ያለበትንም ልጅ አስገብቶ ጥግ ማስቀመጥ አይደለም። ለልጁ እንዲመች የሚለወጠው ቤቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ ተንጋላ ብትመገብ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ወገቧንና ደረቷን የሚደግፍ ወንበር፣ እግሯ የሚያርፍበት ጣውላ ሲበጅላት ግን ከእኩዮቿ ጋር አንድ ጠረጴዛ ትቀርባለች። ወንበሩን የሰፈር አናጺ ሊሠራው ይችላል። ማየት ለተሳነው ልጅ ዕቃዎች ሁልጊዜ ቦታቸው ላይ ይገኛሉ፤ ሰውም ከመንካቱ በፊት ድምፁን ያሰማል። መስማት የተሳናት ልጅ ባለችበት ክፍል ሞግዚቶቹ የምልክት ቋንቋ ይማራሉ፤ ሌሎቹም ልጆች «ውሃ»ን፣ «ጨምሪልኝ»ን በእጃቸው ማለት ይለምዳሉ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያሳዩ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ሲጨናነቅ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ሥፍራም ይዘጋጅለታል።

የጣሊያኗ ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በሚያስተዳድራቸው ማቆያዎች አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በምዝገባ ቅድሚያ ያገኛሉ፤ መጠሪያቸውም «ልዩ መብት ያላቸው ልጆች» ነው። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ነበር። እንዲህ ያሉ ማዕከላት ባለውለታ ናቸው፤ የሠፈሩ ማቆያ በሩን ሲከፍት ደግሞ እውቀታቸው ለእሱም ሞግዚቶች ይተርፋል።

መቀበል ቋንቋንም ይጨምራል። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ የሚነገርበት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ና»፣ «አይዞህ»፣ «እናትህ ትመጣለች» የሚለውን በራሱ ቋንቋ ሊሰማ ይገባል፤ ሞግዚቷ እነዚህን ቃላት ከወላጁ ጠይቃ ትይዛለች። የአቅም ጉዳይም አለ። ክፍያው በገቢ ልክ ካልተተመነ፣ ማቆያ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት የቀን ሠራተኛ ልጇን አዝላ ወይም ለታላቅ እህቱ ትታ መሄዷ አይቀርም።

ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሞግዚቶቹ ናቸው። ደሞዛቸው ከቤት ኪራይ የማያልፍ፣ ምሳ የሚበሉበት ዕረፍት የሌላቸው ሠራተኞች በየጥቂት ወሩ ይለቃሉ፤ ልጁም የለመደውን ሰው በየጊዜው ያጣል። ጥሩ ማቆያ ሥልጠና ይሰጣል፣ የዕረፍት ተተኪ ይመድባል፣ በሳምንት አንድ ጊዜም ሠራተኞቹ ተቀምጠው ስለ እያንዳንዱ ልጅ ያዩትን የሚነጋገሩበት ሰዓት አለው። ማታ ወላጅ ሲመጣ ልጁ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ ምን እንዳስለቀሰው ይነገረዋል። ወድቆ ከሆነም የት፣ እንዴትና ማን ፊት እንደወደቀ በመዝገብ ተጽፎ ይቆየዋል። ወላጅ ሳይቀጥር በፈለገው ሰዓት መግባትም ይችላል።