ሐሳቡን የጠነሰሰው ማን ነው? የሚጠየቅበትስ?

ኦስሎ ውስጥ፣ ሞርተንሩድ በሚባለው ሰፈር፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ አጠገብ አውቶቡሳቸውን አቁመው ከፔርሙዝ ቡና የሚጠጡ አንድ የአገሬ ሰው አሉ። የስልካቸው ሽፋን ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል። አንድ ቀን ያንኑ ስልክ ወደ እኔ አዙረው “ልጄ፣ ይቺን እያት” አሉኝ። ስደተኛ የሞላው ጀልባ ይታያል። ከበላዩ በአማርኛ የሚተርክ ድምፅ፣ የአውሮፓ መሪዎች ከዐረቦች ጋር በድብቅ ተዋውለው አህጉሩን ለእስልምና እያስረከቡ ነው ይላል። “በእቅድ ነው እኮ የሚያስገቧቸው! ዝም ብለው የመጡ ይመስልሃል?” አሉ። እሳቸው ራሳቸው በሱዳንና በሊቢያ አልፈው፣ በእንዲያው ዓይነት ጀልባ የተሻገሩ ናቸው።

እኚህን ሰው በማን ልመዝናቸው? በራሳቸው ነው ወይስ ወሬውን በጠነሰሱት?

ወሬው ዩራቢያ ይባላል። ያስፋፋችው ባት ዬኦር በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ካይሮ የተወለደች አይሁዳዊት ናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 አገር አልባ ሆና ከግብፅ ወደ ለንደን ተሰደደች። በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች መካከል የተጀመረውን የዲፕሎማቶች ውይይት አህጉሩን የመሸጥ ስውር ውል አደረገችው። ውይይቱ በእርግጥ ነበር፤ ስደቷም እውነት ነው። ውሉ ግን የለም። እኔን የገረመኝ፣ ስደተኛን ጠላት የሚያደርገው ትረካ ከስደተኛ እጅ መውጣቱ ነው።

ከእሷ ፊዮርድማን በሚል ስም የሚጽፍ ኖርዌጂያዊ ተቀበለው። ከእሱ ደግሞ ብሬይቪክ የተባለ ሌላ ኖርዌጂያዊ ወሰደውና ከ1,500 ገጽ በሚበልጥ ጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ ጠቀሰው፤ ጁላይ 22 ቀን 2011 በኦስሎና በኡቶያ ደሴት 77 ሰው ገደለ።

ሁሉም ግን ከዚያ መጽሐፍ የፈለቀ አይደለም፤ ሲያን የተባለው የኖርዌይ ፀረ እስልምና ድርጅት ሥሩ ከመጽሐፉ ይቀድማል። በ2000 ኦስሎ ውስጥ አዛን በድምፅ ማጉያ መሰማቱን ለመቃወም ከተቋቋመ ኮሚቴ ተነሥቶ በ2008 የአሁኑን ስሙን ያዘ። በጁላይ 2022 መጀመሪያ መሪው ላርስ ቶርሰን እዚሁ ሞርተንሩድ መጥቶ ቁርአን አቃጠለ። እሱና አብረውት የነበሩት ሲመለሱ አንድ መኪና ተከትሎ ደጋግሞ ገጫቸውና መኪናቸው ተገለበጠ። ውስጡ የነበሩት አምስት ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው፤ ፖሊስም ሰው አሰረ።

ስለዚያ ቀን ሹፌሩን ጠየቅኳቸው። “ጎረቤቴ ሶማሌ ናት። ልጆቿን ይዛ ስታለቅስ አየሁ። መጽሐፍ ያቃጠለ እጅ ነገ ዳዊቴን ይምረዋል? በጭራሽ!” አሉ። ወዲያው ደግሞ “ቢሆንም እቅዱ አለ” ብለው ተመለሱ። ስለ ብሬይቪክ ስነግራቸው ተቆጡ፦ “እኔን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ታስተካክለኛለህ? ሰውዬውን አላነበብኩት፣ አላውቀው!”

እውነታቸውን ነው፤ አላነበቡትም። አንድ የአካባቢው ባለሥልጣን፣ እንደ ሲያን ያለ ማኅበር በሐሳቡ አመንጪዎች ይመዘን እንደሆነ ስጠይቀው “በዚህ አስተያየት አልሰጥም” ብሎ ስለ መሰብሰብ መብት ብቻ አስረዳኝ።

ክርክሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ኦስትሪያዊው ባሮን ሮማን ፕሮቻዝካ ከኢትዮጵያ ተባርሮ፣ ጣሊያን በወረረችን በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ኢትዮጵያን ለነጭ ዘር አደጋ፣ አማራን የሌሎች ጨቋኝ አድርጎ ሣለ፤ አገሪቱ እንድትበታተንም መከረ። ዛሬ ብዙዎቻችን የብሔር ጥያቄ ያነሣውን ሁሉ የፕሮቻዝካ ልጅ እንላለን። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። የገባሩ ምሬት መጽሐፉ ሳይጻፍ የነበረ ነው፤ የ1960ዎቹ ተማሪዎችም ይበልጥ ያነበቡት ሌኒንንና ስታሊንን ነው። ግን በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉና በበደኖ አማሮች ሲገደሉ፣ ገዳዮቹ ባሮኑን አለማወቃቸው ለሟቾቹ ምን ፈየደላቸው?

እኔ የምይዘው መለኪያ ይህ ነው፦ የአመንጪውን ስም ከትረካው አውጣው። የሚቀረው የመሬት፣ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ብሶት ከሆነ፣ ባለቤቱ ብሶተኛው ነው፤ መልስ ይገባዋል። ስሙ ወጥቶም አንድ ሕዝብ በጅምላ የስውር እቅድ ባለቤት ሆኖ ከቀረ ግን አመንጪው አልወጣም። ያ ጥርጣሬ ደግሞ ድንበሩን አያውቅም። ከሞርተንሩድ ብዙም በማይርቀው ሆልምሊያ፣ በጃንዋሪ 2001 ኒዮ ናዚዎች የ15 ዓመቱን ቤንጃሚን ሄርማንሰንን ወግተው ሲገድሉት፣ ጥቁር ቆዳው በቂያቸው ነበር። አባቱ ጋናዊ ነው።

ይህንንም ለሹፌሩ ነገርኳቸው። ስለ ልጁ አዘኑ፣ አማተቡም። ወሬው ከየት እንደመጣ እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበርና አልፈርድባቸውም። አሁን ግን ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ቪዲዮ ለማኅበርተኞቻቸው እንደገና ልከውታል፤ በዚህኛው ይጠየቁበታል ባይ ነኝ።