ስሙ በከንቱ የጠፋው ሚንክ

ስቶክሆልም ውስጥ ሚንክ ማየት የፈለገ ሰው ትኬት ቆርጦ መካነ አራዊት መግባት የለበትም። በሴደርማልም ዳርቻ፣ ጀልባዎች በሚታሰሩበት የድንጋይ ግንብ ሥር፣ ማለዳ ላይ ታግሶ የቆመ አንድ ቀን ያየዋል። ከድመት ያነሰ፣ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ጥቁር ቡናማ፣ አገጩ ላይ ነጭ ምልክት ጣል ያለበት እንስሳ ነው። ብዙ መንገደኛ “አይጥ!” ብሎ ይሸሻል። አይጥ ግን የሚንክ ቁርስ ነው፤ ዓሣው፣ እንቁራሪቱና የወፍ ጫጩቱም እንዲሁ።

መሠረታዊው ነገር በአጭሩ ይኸው ነው። የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በ1920ዎቹ (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለጸጉሩ ሲባል ወደ ስዊድን መጣ፤ ከእርባታ ያመለጡት ተዋልደው አገሩን አዳረሱ። በእርባታ ያለው በሚያዝያና በግንቦት ይወለዳል፣ በኅዳር ገደማ የብርድ ወራት ጸጉሩ ሲሞላ በጋዝ ተገድሎ ይገፈፋል። በስቶክሆልም ዙሪያ ባሉት ደሴቶች የወፍ ጎጆ ስለሚያራቁት ዓመቱን ሙሉ ማደን ይፈቀዳል። ይህን ክስ ማንም አይክድለትም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ብቸኛ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሚንክ የራሱ የውኃ ዳርቻ አለው፤ ወሰኑን በጠረኑ ያሳውቃል፣ የገባበትን ያባርራል። ከሌላው ጋር የሚገናኘው ለመራባት ነው፤ እናትም ግልገሎቿን አሳድጋ ትበትናለች። በጣቶቹ መካከል ትንሽ ቆዳ ስላለው ይዋኛል፣ ይጠልቃል።

በእርባታው ይህ እንስሳ በሽቦ ሳጥን ውስጥ፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ጎረቤቶች ጋር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል። የሚዋኝበት ውኃ የለውም። “እዚያው ስለተወለደ ውኃ አይናፍቀውም” የሚሉ ነበሩ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት ለእርባታ ሚንኮች መጫወቻ፣ ትርፍ ጎጆ፣ መዋኛ ገንዳና ሌላም አቀረቡላቸው፤ ወደ እያንዳንዱ የሚያስገባውን በር ደግሞ ክብደት እየጨመሩ አከበዱት። ሚንኮቹ ከሁሉ አብልጠው የታገሉት ወደ ገንዳው ለመግባት ነበር። ገንዳው ሲዘጋባቸው በሽንታቸው የተለካው የጭንቀት ሆርሞን ምግብ ሲከለከሉ በሚታየው ልክ አሻቀበ።

አንድ ጊዜ ስቶክሆልም ውስጥ፣ የሐበሻ ቡና እየተጠጣ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚንክን ወሬ አነሳ። ጋሼ የሚባሉ አንድ እንግዳ ስኒያቸውን አስቀምጠው “ያ ኮሮና ያመጣብን አውሬ!” አሉ። ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። የዚህ አስተያየት መነሻው ይታወቃል። በኅዳር 2020 የዴንማርክ መንግሥት የአገሪቱ ሚንክ በሙሉ፣ ከ15 ሚሊዮን በላይ፣ እንዲገደል አዘዘ። በጥልቀት ያልተቀበረው ሬሳ በጋዝ ተነፍቶ አፈሩን እየገፋ ሲወጣ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ትዕዛዙ ሕጋዊ መሠረት አልነበረውምና የምግብና የግብርና ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚህ ሁሉ በሰው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው “ሚንክ” እና “ኮሮና” የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው።

ጋሼ ግን ነገሩን ገልብጠውታል። መጀመሪያ ያስተላለፈው ሰው ነው። በ2020 ጸደይ በኔዘርላንድ፣ ከዚያም በዴንማርክና በስዊድን፣ ቫይረሱን ወደ እርባታው ያስገቡት በሽታው የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ከሳጥን ሳጥን ሲዛመት ጠባዩን ትንሽ ትንሽ ለወጠ፣ ከዚያ ተመልሶ ሠራተኞቹን ያዘ። የኔዘርላንድ ሳይንቲስቶች የቫይረሱን ዘረመል እያነበቡ ይህን ምልልስ ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። ስዊድን ውስጥ በደቡባዊው ብሌኪንጌ አካባቢ ባሉ 13 እርባታዎች ተገኘ። መንግሥት እንደ ዴንማርክ ሁሉንም አላስገደለም፤ በ2021 እንዳይራቡ ብቻ ከለከለ።

ስዊድን ከ2020ው ወረርሽኝ 36 ዓመት በፊት ማስጠንቀቂያ ደርሷት ነበር። ይህ ታሪክ ከአገሪቱ ውጭ ብዙም አይነገርም። በ1984 መጸው በዚያው በደቡብ ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ ሚንኮች ምግብ እየተዉ ያስነጥሱና ይስሉ ጀመር፤ ዓይንና አፍንጫቸው ፈሳሽ አመጣ። በ33 እርባታዎች ወደ 100,000 የሚጠጉ እንስሳት፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ፣ ታመሙ፤ ከመቶ ሦስት ያህሉ ሞቱ። ሲመረመር ኤች10ኤን4 የተባለ፣ የወፎች የሆነ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተገኘ። ያኔ ብዙዎች የወፍ ጉንፋን የወፍ ጣጣ ብቻ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እዚህ ግን አጥቢ እንስሳ ውስጥ ገብቶ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ሳንባ አቆሰለ።

ለምን ሚንክ? በመተንፈሻ አካሉ ውስጥ የወፍ ጉንፋን የሚጣበቅባቸውም፣ የሰው ጉንፋን የሚጣበቅባቸውም ቦታዎች አሉ። የቅርብ ዘመዱ ፌሬትም በዚህ ይታወቃል፤ የለንደን ተመራማሪዎች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በ1933 ያገኙት በፌሬት ላይ ሞክረው ነው፤ በኋላም አንድ የታመመ ፌሬት ፊታቸው ላይ አስነጥሶ ከተመራማሪዎቹ አንዱን ራሳቸውን አሳመማቸው። የሚንክ ሳንባ የዳክዬውና የሰውዬው ቫይረስ የሚገናኙበት ገበያ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ዘረመል ይለዋወጣሉ። ዱር ላይ ይህ ብዙም አያሰጋም፤ ብቻውን የሚኖር እንስሳ ቢታመም ለማን ያስተላልፋል? አሥር ሺህ ብቸኞች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን ቫይረሱ የሚለማመድበት በቂ ሳንባ ያገኛል። በጥቅምት 2022 በስፔን ጋሊሲያ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን አንድ እርባታ ገብቶ ከ50,000 በላይ ሚንክ ተገደለ። በ2023 ፊንላንድ ውስጥ በቀበሮና በሚንክ እርባታዎች ተዛመተ፤ በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ ለእርባታ ሠራተኞች ክትባት አዘጋጀች።

ነገሩ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። በጅማና በኢሉባቦር ከዱር የተያዘ ጥርኝ በጠባብ የእንጨት ሳጥን ተዘግቶ ዝባዱ ይወሰዳል፤ ዝባዱ በቀንድ ታሽጎ ለፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ሲላክ ኖሯል። እሱም የሌሊት ብቸኛ ነው። በእስያ ያለ ሌላ የጥርኝ ዓይነት ሳርስ በተባለው በሽታ ጊዜ እንደ ሚንኩ ተወንጅሎ በ2004 ቻይና ውስጥ በብዛት ተፈጅቷል፤ የቫይረሱ ጥንተ ምንጭ የሌሊት ወፍ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

የስዊድን ሕግ ለጸጉር እርባታ የሰጠው መልስ ብልሃት አለበት። ቀበሮ ማርባት በአዋጅ አልተከለከለም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው ደንብ ቀበሮው መቆፈርና ከሌሎች ጋር መዋል መቻል አለበት አለ። ይህን እያሟሉ ማትረፍ ስላልተቻለ እርባታዎቹ ራሳቸው ተዘጉ። ለሚንኩ መዋኛ የሚያስገድድ ተመሳሳይ ደንብ ግን ሳይወጣ ቀረ። በኋላ መንግሥት በፈቃዳቸው ለሚያቆሙ አርቢዎች የገንዘብ ድጋፍ መደበ።

የብርድ ጃኬት ገዢዎችም ወቀሳ አይቀርላቸውም። ቆቡ ዙሪያ ያለው ጸጉር “ሰው ሠራሽ ነው” ብሎ መገመት የተለመደ ስንፍና ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አምራቹ “ከእንስሳት የተገኘ፣ ጨርቅ ያልሆነ ክፍል አለው” ብሎ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ የእንስሳውን ስም ግን አይጠይቅም። ጸጉሩን በጣት ከፈል አድርጎ ሥሩን ማየት ነው፤ ቆዳ ከታየ እንስሳ ነው፣ የተሸመነ ጨርቅ ከታየ የፋብሪካ ሥራ ነው። ባሕር ዳር የሞተ ሚንክ ወይም ዳክዬ ያገኘ ሰው ደግሞ በባዶ እጁ አይንካ፣ ውሻውን ያርቅ፣ ቦታውን ኡፕሳላ ለሚገኘው የአገሪቱ የእንስሳት ሕክምና ተቋም በኢንተርኔት ያሳውቅ። ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ ልኮ ማለፍ ማሳወቅ አይባልም።