ያገለገለ ባለ ባትሪ ባጃጅ ወደ ኋላ አልሄድ ሲል

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በገዳሪፍ ነዳጅ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ዋጋው አይቀመስም። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። በዚህ ላይ በመተማ ዮሐንስ፣ በገላባትና በዶካ መስመር ድርቆሽና ውኃ የሚያመላልስ፣ የደከመ በግ ከበረት ገበያ የሚያደርስ ነጋዴ ያገለገለ ባለ ባትሪ ሦስት እግር ለመግዛት ቢያስብ አይገርምም።

ሲገዛ ግን ገዢው ባትሪውን አይቶ የአቅጣጫ ማርሹን ይረሳል። ጉዳቱ የሚታየው ማራገፊያው ላይ ነው። ወደ ጭነት መኪናው ጀርባ እንዲጠጋ የተፈለገው ተሽከርካሪ ድንገት ወደ ፊት ቢፈናጠር እንስሳው ይወድቃል፣ ረዳቱም ሊጎዳ ይችላል። ያነከሰ በግ ደግሞ ለውጭ ገበያ በሚደረገው ምርመራ ተለይቶ ይቀራል፤ እዚያው ገበያ ቢሸጥም ዋጋው ይወርዳል።

ምርመራው የሚጀመረው እንስሳቱን በማውረድ ነው። የፊት ጎማው በድንጋይ ይታገዳል፣ የኋላ ጎማዎቹ በክሪክ ከመሬት ይነሳሉ። ሽቦ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ቀለበትና ሰዓትም ይወልቃል።

ከዚያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የማይሄደው በሁለቱም አቅጣጫ ነው ወይስ በአንዱ? በሁለቱም ከሆነ ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ቁልፉ፣ የነዳጅ መስጫውን ቦታ የያዘው መያዣና ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጠው ማጥፊያ ይታያሉ። ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ ብቻ እምቢ ካለ ግን ሞተሩና ባትሪው እየሠሩ ነው ማለት ነው። ጥርጣሬው በአቅጣጫ መቀየሪያው፣ በሽቦውና በሶኬቱ ላይ ይወድቃል። መካኒኩ ወዲያው «ኮንትሮለሩ ተቃጥሏል» ቢል ነጋዴው ገንዘቡን ለማውጣት አይቸኩል።

በከብት ሥራ ላይ የዋለ ተሽከርካሪ የራሱ በሽታ አለው። የበግና የፍየል ሽንት በጭነቱ ወለል ሾልኮ ከታች ያሉት ሶኬቶች ላይ ይንጠባጠባል። ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ መዳብ ይበላል፣ ጨዉ ደግሞ እርጥበት ይስባል። በዚያ ላይ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ ይለጠፍበታል። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲታይ አረንጓዴ ዝገት ካለው ተጠርጎና ደርቆ እንደገና ይሞከራል። ቢሠራ ወጪው ይኸው ነው። ሶኬቱን ከወለሉ ስር አንስቶ ከፍ ያለ ቦታ ማሰርና በጭነቱ ወለል ላይ ሸራ ማንጠፍ ከማንኛውም መለዋወጫ ይረክሳል።

ሶኬቱ ንጹሕ ከሆነ መቀየሪያው በቴስተር ይለካል። በብዙዎቹ ባለ ባትሪ ሦስት እግሮች መቀየሪያው ለኮንትሮለሩ ምልክት ብቻ ይልካል። ስለዚህ ጎማዎቹ እንደተነሱ ሁለቱ ቀጫጭን የኋላ ማርሽ ሽቦዎች ለአፍታ ሲገናኙ ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ ጥፋቱ የመቀየሪያው ነው። ካልዞረ፣ ሽቦውም ካልተቆረጠ፣ ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ ይጠረጠራል። አሮጌ ጎልፍ ካርት ላይ ግን ይህ አይሞከርም። በእርሱ የሞተሩ ጉልበት ራሱ በመቀየሪያው ወፍራም መዳቦች ስለሚያልፍ ማገናኘት እሳት ያስነሳል። እዚያ የሚፈለገው የጠቆረ ወይም የቀለጠ መዳብ ነው። ተሽከርካሪው ሳይቆም አቅጣጫ የሚቀይር ሾፌር መዳቡን ቶሎ ያቃጥላል።

ወደ ፊት ሲባል ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ወይም እያጉረመረመና እየተንቀጠቀጠ የሚግል ተሽከርካሪ ሌላ ነገር ይናገራል፦ ሞተሩ ወይም ኮንትሮለሩ ተቀይሯል፣ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ገመዶች ቅደም ተከተል ወይም የሴንሰሩ ሽቦዎች ተሳስተዋል። ሻጩ «ተነክቶ አያውቅም» ቢልም ሽቦው ያጋልጠዋል።

ዋጋ ሲነጋገሩ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ጥፋቱ ሳይለይ የሚገዛ ሰው የኮንትሮለርን ዋጋ ያህል ማስቀነስ አለበት፤ በኋላ ሶኬት ብቻ ሆኖ ቢገኝ ትርፉ የእርሱ ነው። ኮንትሮለር የሚገዛም ከሆነ ቮልቱና የሞተሩ ዓይነት መግጠሙን ከአሮጌው ላይ አንብቦ ይሂድ፤ ያልገጠመ ዕቃ ለመመለስ ድንበር መሻገር የአንድ ቀን ሥራ ያስፈታል፣ በረት ያሉት በጎችም ያን ቀን መኖ ይበላሉ። ወደ ኋላ ሲሄድ ከወደ ፊቱ ቢዘገይ ግን ብልሽት አይደለም፤ አምራቾች ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው፣ «ላፍጥነው» ለሚል መካኒክም ገንዘብ አይከፈልም።