ሲግል የሚጠፋ መኪና፦ ክራንክ ሴንሰሩን ሳትለኩ አትቀይሩ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጻፋችሁልኝ አንድ ችግር አለ፦ «ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። መንገድ ተዘጋግቶ ቆይቶ ሲግል ድንገት ይጠፋል። ትንሽ ሲያርፍ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።» እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ ቤንዚን ፓምፑ ይቀየራል፣ ካንዴላው ይቀየራል፣ ባትሪው ሳይቀር ይቀየራል። ባለቤቱ ገንዘቡን ጨርሶ መኪናው እንደገና መገናኛ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባውን ክራንክ ሴንሰር ግን የለካው የለም።

ይህ ትንሽ ዕቃ ክራንክሻፍቱ የት እንደደረሰና በምን ፍጥነት እንደሚዞር ለሞተሩ ኮምፒውተር ይናገራል። በኮሮላና በቪትዝ ላይ እንደምናገኘው 1ኤንዜድ ባሉ የቶዮታ ሞተሮች ከክራንኩ ጋር የሚዞር ጥርሳም ሳህን አለ። ጥርሶቹ በየ10 ዲግሪው ናቸው፤ 36 መሆን ሲገባቸው 2ቱ ሆን ተብለው ስለተተዉ 34 ናቸው። ያ ክፍተት መቁጠሪያ ላይ እንዳለው መስቀል ነው፤ ዙሩ ከየት እንደሚቆጠር ያሳያል። ሴንሰሩ የሚልከው ምልክት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ለካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ፣ ቤንዚኑን መቼ እንደሚረጭ ስለማያውቅ ሞተሩ ይጠፋል።

ለምን ሲግል? ባለሁለት ሽቦው ሴንሰር ውስጥ ማግኔትና እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ሽቦው አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ሲቀዘቅዝ ይነካካል፣ ሲግል ይለያያል። ቀዝቅዞ የተለካ ሴንሰር «ጤነኛ ነኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ዕቃ የሚፈተነው በሚታመምበት ሁኔታ ነው። ቶዮታም በጥገና መጽሐፎቹ ለዚህ ዓይነቱ ሴንሰር ሁለት ልክ ይሰጣል፤ አንዱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ሌላው ከ50 እስከ 100 ዲግሪ ላለው ሙቀት።

አፈታተኑ እንዲህ ነው።

1. ኮዱን አንብቡ። ፒ0335 ከወጣ ኮዱ የሚናገረው ስለ ሴንሰሩ መስመር ነው። መስመር ማለት ሽቦውም፣ ሶኬቱም፣ ሴንሰሩም ነው፤ «ሴንሰር ግዛ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። ከዚያ የኮድ ማንበቢያ ማሽኑ እንደተሰካ ሞተሪኖውን አስነሱ። ሞተሩ እየዞረ የዙር ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ከቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

2. በዓይን እዩ። ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ገብቷል? መቆለፊያው ተሰብሯል? ሽቦው ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ ቀልጧል? ብዙ መኪና እዚህ ላይ ይድናል።

3. ሽቦዎቹን ቁጠሩ። ባለሁለት ሽቦ ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ በቴስተር ኦሙን ለኩ፤ ከመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ባለሦስት ሽቦ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ «ሆል» የሚባለው ዓይነት ነው፤ በኦም አይፈተንም። በእሱ ላይ የሚታየው የሚገባው ኤሌክትሪክ፣ መሬቱና ሲዞር የሚሰጠው ምልክት ነው።

4. አሙቃችሁ ድገሙ። ሞተሩ ጠፍቶ እንደቆመ፣ ሳይቀዘቅዝ ለኩ። ሴንሰሩን ካወጣችሁት በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ ቴስተሩን ተመልከቱ። ንባቡ ከልኩ ከዘለለ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

5. ሽቦውን አትርሱ። ባትሪውን ፈትታችሁ፣ የሴንሰሩንም የኮምፒውተሩንም ሶኬት ነቅላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ሽቦውን እያወዛወዛችሁ ለኩት፤ ውስጥ ውስጡን የተቆረጠ ሽቦ የሚታወቀው ሲነቃነቅ ነው።

በቅርቡ አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር ፓምፕ አስቀይሮ ያልዳነ ኮሮላ አመጣልኝ። ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ሲለካ ልክ ነበር። እስኪጠፋ ድረስ አስነስተን አቆየነውና ወዲያው ስንለካው የውስጥ ሽቦው ተለያይቶ ተገኘ። የቀን ገቢውን በየመንገዱ ሲያጣ የከረመ ሰው ነው፤ ይህን ልኬት ቀድሞ ያደረገለት ቢኖር ያ ሁሉ ወጪ ባልደረሰበት።

ሲቀየር ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። መኪናው በክሪክ ከፍ ካለ ክሪኩ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባበት። ቡሎኑን ፈትታችሁ ሴንሰሩን ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ ሳቡት፤ ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ማግኔት ስለሆነ ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ካለ ልብ በሉ፤ ብናኙ ራሱ ምልክቱን ያበላሻል፣ ከየት እንደመጣም መጠየቅ አለበት። የጥርሳሙን ሳህን ጥርሶችም በባትሪ መብራት እዩ። የአዲሱን ጎሚኒ በትንሽ ሞተር ዘይት ቀብታችሁ አስገቡ፤ ቡሎኑን ከልክ በላይ አታጥብቁ። ሽቦውን ከቺንጋውና ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ እሰሩ። ኮዱን አጥፍታችሁ መኪናውን በደንብ እስኪግል ንዱት። በአንዳንድ መኪኖች ኮምፒውተሩ አዲሱን ሴንሰር በማሽን እንዲለምድ መደረግ አለበት።

አዲሱን ሴንሰር ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የጫፉን ርዝመት፣ ሶኬቱንና የቡሎኑን ቦታ አስተያዩ። ጫፉ ትንሽ ካጠረ ከጥርሱ ይርቅና ምልክቱ ይደክማል። አዲሱንም ሳትገጥሙ በፊት ለኩት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደድራል። ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ይህ ቢደርስ የሰው ሕይወት ነው።

ስለዚህ «ሴንሰሩ ይቀየር» ስትባሉ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ሲግል ለክተኸዋል? ሽቦውንስ ፈትነሃል?» በሥራው የሚተማመን ባለሙያ ቴስተሩን ይዞ ያሳያችኋል።